ገረድና የእናቴ ጥርስ

የእናቴ ጥርስ ጎንደር የተሠራ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያለ ጥርስ ያያት ሰው ግን በከተማችን በገንዳ ውሃ አልነበረም። ስትተኛ እንኳ አታወልቀውም። «ሞት አንኳኩቶ አይገባም፤ ድዴን ለለቀስተኛ አላሳይም» ትል ነበር።

ይኸው ኩራቷ አፏን አሳመመው። ላንቃዋ ቀላ፤ በላዩ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ያዘው። በርበሬው ቀርቶ አልጫው ያቃጥላት ጀመር። በዚያ የቆላ ሙቀት እህል ያልቀመሰ ሰው ምን ያህል ይቆማል? ዓይኔ እያየ ከሳች፤ ፈራሁ።

ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ቀቢያት አለችኝ። ቀባኋት። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ «ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጥቁር አዝሙድ በማርም ሞከርን፤ ማሩን እሷም ወደደችው፣ በሽታውም ሳይወደው አልቀረም።

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ደግሞ «ገረድ ነው መድኃኒቷ» አለችን። እናቴ በታመመ አፏ ሳቀች። «በዚህ እድሜየ ገረድ ልቅጠር?» ለካ ሱዳኖች ገረድ የሚሉት የግራር ፍሬ ነው፤ ዘፍዝፈው ውሃውን ይጉመጠመጡታል። ጠዋት ጠዋት ሳቀርብላት «ገረዴ መጣች?» ትለኝ ነበር። ቃጠሎው በረድ ይላል፤ ነጩ ነገር ግን ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ አፏን አይቶ «እማማ፣ ፈንገስ ነው» አላት። «መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። ማታ ማታ ጥርሱን አውልቀው፣ አጥበው፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ካላሳደሩት ግን የእኔም የቤቱም መድኃኒት ከንቱ ነው።»

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዘችኝ። «እሽ፣ ላውልቀው። ከሞትሁ ግን ሰው ሳይገባ ጥርሴን ትመልሽልኛለሽ። ማይልኝ።»

ማልኩላት።

አፏ ዳነ። ሽሮ በላች፤ በርበሬም ደፈረች። እኔም ተርፋልኛለች ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ማለዳ ልቀሰቅሳት ስገባ ትንፋሽ የላትም፤ ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚወጣው ጩኸት ነው። የሰማ ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል። አንድ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ከራስጌዋ ጥርሷ ያደረበትን ብርጭቆ አነሳሁ። ደጅ ወጥቼ ጥርሱን አለቀለቅኩ፤ ተመልሼ አስገባሁላት፤ ከንፈሯን ገጠምኩ፤ ነጠላዋን አስተካከልኩ። ከዚያ ጮህኩ።

ያቺ ጎረቤቴ ለካ በአጥሩ ቀዳዳ ታየኝ ኖሯል። እስከ ዛሬ «እናቷ ሞታ ብርጭቆ ስታጥብ አየኋት» እያለች ታወራለች። ይሄ ያመኛል፤ ከለቅሶው ባልተናነሰ ያመኛል። ብርጭቆው ውስጥ ምን እንደነበረ ግን አልነግራትም።