የሁለቱ ቤዝ ጊታሮች ልዩነት

ሁለት ቤዝ ጊታር አለኝ። አንዱ ርካሽ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ከካውያና ከግድግዳ ሰዓት ጎን ተሰቅሎ አግኝቼ የገዛሁት። ሌላው ሙዚቀኛ የተባለ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነው። ቤዝ መጀመር የሚፈልጉ የእንጅባራ ወጣቶች አልፎ አልፎ ቤቴ ይመጡና "የቱ ያዋጣል?" ብለው ይጠይቁኛል። አጭር መልስ የለኝም። ላሳጥር ካልሁ መዋሸቴ ነው፤ ላስረዝም ካልሁ ደግሞ አባቴ ይገባበታል።

በሥራ ቀን የሒሳብ መምህር ነኝ። በሠርግ ወቅት ግን ቅዳሜና እሑድ አራት ሆነን እንጫወታለን፤ ዘፋኝ፣ ኪቦርድ፣ ድራምና እኔ። ሠርግ ላይ ቤዝ የሚጫወት ሰው ዓይን አይገባም። ዘፋኙ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ኪቦርዱን ሚዜዎች ከበው ፎቶ ይነሡበታል፤ ወደ እኔ የሚጠጋ ሰው ቢኖር ኬብሌን የረገጠ ብቻ ነው። አይከፋኝም። ቤዝ እያለ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲቆም ግን የጨፋሪው እግር ይታሰራል። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ይበቃኛል። ይበቃኛል የምለው ለወጉ ነው እንጂ እንዳልበቃኝ ይኸው ልናገር ነው።

ርካሹን ስድስት ዓመት ስጫወትበት አንድም ቀን ንቄው አላውቅም ነበር። አንድ ጥር ላይ ለሠርግ ዳንግላ ሄድን። የሴቷ ወገን ከባሕር ዳር ሌላ ባንድ ጠርቶ ኖሮ አንድ ዳስ ውስጥ ተገናኘን። ቤዝ ተጫዋቻቸው ጊታሬን ካስቀመጥሁበት አነሣ፤ ጭንቅላቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ መላጡን አየና "ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ልቤ ሸፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የጊታሬ ጉድለት ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ቅኝቱ ከሁለት ዘፈን በላይ አይቆይም። ወፍራሙ ክር አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር እየተጋጨ ይንጫጫል። እጄን ሳነሣ ስፒከሩ ውስጥ ንብ የገባ ይመስላል። ለስድስት ዓመት ያልሰማሁትን በአንድ ሳምንት ሰማሁት።

በዚያው ሰሞን ስም ያለው ቤዝ ዳንግላ ውስጥ እንደሚሸጥ ነገሩኝ። ባለቤቱ ድሮ በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ ሲጫወቱ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ጣቶቻቸው አልታዘዝ ስላሏቸው ጊታሩን ሸጠው ሐዋሳ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ ነው። የጠየቁት ዋጋ አንድ ጥሩ የግልቢያ ፈረስ የሚያወጣውን ነበር። በፈረስ የምለካው ለጨዋታ አይደለም። ከደመወዜ ሌላ በስሜ የሚጠራ ነገር ፈረስ ብቻ ስለነበረኝ ነው።

ፈረሱ የሚኖረው ጥርባ፣ አባቴ ዘንድ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው፤ ከገበሬነቱም በላይ ፈረሰኛ ነው። በዓል ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ በእግሩ ሲደርስ ያየው ሰው አልነበረም። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቴ ጋር በአዊኛ ያወራል፤ ፈረሱን ሲያወራው ግን ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ በየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ መምህር ሆኜ የተቀጠርሁ ጊዜ ከባዝራው የተወለደውን ዳማ ውርንጭላ አሳየኝና "ይሄ ያንተ ነው" አለኝ። ያሳደገው እሱ፣ የገራው እሱ፣ የሚጋልበውም እሱ ነው፤ የእኔ ድርሻ ባለቤት መባል ነበር።

አንድ እሑድ ጥርባ ሄጄ ደጅ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነገሩን አወጣሁት።

"አባባ፣ ፈረሱን ልሸጠው ነው።"

"ምን ቸገረህ?"

"ጊታር ልገዛ ነው።"

"አለህ አይደል? አይጮኽም?"

"ይጮኻል። ያኛው ግን ይሻላል።"

"በምን?"

ስለ አንገቱ እንጨት፣ ስለ ድምፁ ጥራት፣ ስለ ቅኝቱ ብዙ ተናገርሁ። ተማሪዎቼን እንኳ እንደዚያ ተጨንቄ አስረድቻቸው አላውቅም። እሱ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ እስክጨርስ ሰማኝ።

"ፈረሱ ያንተ ነው" አለ በመጨረሻ። "ካልህ ይሸጣል።" ተነሥቶም ወደ በረቱ ሄደ።

ለእኔ ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። የሒሳብ መምህር ነኝና ሳላወዳድር አልገዛም አልሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ስልኬ ላይ ነጮች ርካሽና ውድ ቤዝ ጎን ለጎን ይዘው ሲፈትሹ አያለሁ። አነጋገራቸው ይፈጥንብኛል፤ ፍርዱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሠርግ ስለቆመ ቅዳሜዬ ባዶ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዳንግላ ሄጄ ጊታሩን አየሁት፣ ነካሁት፣ ወደድሁት፤ ግን "አስቤ ልምጣ" ብዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ተጫወትሁበትና እንደገና "ላስብበት" አልሁ። ሽማግሌው ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። "አስብ፣ አስብ፣ ጊታር እንደ ወተት አይበላሽም" አሉኝ።

በሁለቱ ቅዳሜዎች መካከል አንድ ቀን አባቴን እንጅባራ መግቢያ ላይ አገኘሁት። ከለቅሶ እየተመለሰ ነው፤ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፤ በእግሩ ነው። "ፈረሱስ?" አልሁት። "ይረፍ" አለኝ። ፈረሱን አሞት እንዳይሆን ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የጊታር አንገት ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱን አንድ ላይ ልሰማቸው ርካሹንም ይዤ ሄድሁ። ሽማግሌው ጊታሬን ተቀብለው አገላበጡት፤ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው አዩት።

"ክሩን መቼ ነው የቀየርኸው?"

"ቀይሬው አላውቅም፣ ጋሼ።"

"አንገቱንስ አስቃንተኸው ታውቃለህ?"

አንገት እንደሚቃና የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አልተቆጡኝም። አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ከፈቱና ከነወረቀቱ የተቀመጠ አዲስ ክር አወጡ። በትንሽ ቁልፍ አንገቱን አቃኑት፤ በመፍቻ የክሮቹን ከፍታ አስተካከሉ፤ የኋላ ክዳኑን ከፍተው የላላች ሽቦ አጠበቁ። ጣታቸው ስለማይታጠፍ አንዳንዱን እኔ እንድይዝላቸው ያደርጋሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚያ "ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙር" አሉኝ።

ዞርሁ። በዝግታ፣ በትዝታ ቅኝት፣ መጀመሪያ አንዱን ቀጥሎ ሌላውን ተጫወቱ።

"የመጀመሪያው የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"ያንተ ነው። እንደገና ስማ።"

እንደገና ሰማሁ፣ እንደገና ተሳሳትሁ። በሦስተኛው ወፍራሙን ክር ብቻ ደጋግመው ሲመቱት ለየሁት።

"እሱ ነው እንግዲህ" አሉ። "ወፍራሙ ክር ላይ የእኔ ይጠራል። ቅኝቱንም ይዞ ይውላል፤ ያንተን በየሰዓቱ ማየት ይኖርብሃል። የቀረው ስም ነው። ይህችን ልዩነት ዳስ ውስጥ ማንም አይሰማትም፤ አንተ ግን ትሰማታለህ። ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ልትሸጥ ካሰብኸው ነገር ጋር አስተያየው።"

ሻጭ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ርካሹን አነሣሁት። ክሩ ከጣቴ ሥር ለስልሶ፣ ጩኸቱ ጠፍቶ፣ ሌላ ጊታር ሆኖ አገኘሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስበድለው የኖርሁት እኔው ነኝ። አፈርሁ፤ ከሐፍረቴ ደግሞ ደስታዬ በለጠ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልገዛም" አልኋቸው። "እኔም አንተን ብሆን አልገዛም ነበር" ብለው ሳቁ፤ የክሩንም ዋጋ አልቀበልም አሉ። ፈረሱ ተረፈ እያልሁ፣ ጊታሬን አንግቼ፣ በጋሪ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ።

መናኸሪያው በር ላይ አባቴ ቆሟል። ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሟል፤ የኮርቻውን ልብስ፣ ግላሱን፣ አጣጥፎ በክንዱ ይዞታል። ፈረሱ የለም።

"አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ሸጥሁልህ" አለ ደረቱን እየዳሰሰ። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነበር። "ገበያው ደህና ነው።"

"ማን ሽጡ አለዎት?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "አንተ ነሃ።"

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። በአባቴ ቤት አንድ ፈረስ ይሸጣል ተብሎ ከአፍ ከወጣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንም አይቀመጥበትም። ገዥው ገና ባይታወቅም ፈረሱ የእሱ ነው፤ በሰው ፈረስ ላይ ደግሞ ሳያስፈቅዱ መውጣት ነውር ነው። አያቴም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ከተማ ገብቼ፣ "ልሸጥ ነው" ማለት "እያሰብሁበት ነው" ማለት በሆነባቸው ሰዎች መካከል ስኖር ረሳሁት። እኔ ጊታር ከጊታር ሳወዳድር እሱ ሦስት ሳምንት በእግሩ ሄደ። ገዥ ይዞ ይመጣል ብሎ ጠበቀኝ። ስቀርበት ዓርብ ተነሥቶ፣ ሳይቀመጥበት፣ እየሳበ ዳንግላ ድረስ አመጣው።

"ማን ገዛው?" አልሁ።

"የግምጃ ቤት አገር ገበሬ ነው። ለግልቢያ። ጋሪ ነጂዎቹ ጨምረው ሰጥተውኝ ነበር፣ እምቢ አልኋቸው። ዋጋ አጉድዬብሃለሁ፣ ቅር እንዳይልህ።"

"ኮርቻውስ?"

"አንተ ያልኸው ፈረሱን ነው። ኮርቻ አላልህም።"

ኮርቻውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ትከሻዬ ላይ ያለውን ጊታር ያይ ነበር። "ገዛኸው እንዴ?" አለኝ። የድሮው መሆኑን ነገርሁት። "ያኛውስ? እንዳልኸው ይሻላል?" አለ። አልገዛም ብዬ ከወጣሁ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ፊቱን አየሁት፤ ኮርቻውን አየሁት።

"በጣም ይሻላል፣ አባባ።"

"እሰይ" አለ፤ ፊቱ ፈታ አለ። አብረን ተመልሰን ሄድን። ሽማግሌው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ኮርቻውን አዩ፤ ገንዘቡን ተቀብለው ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ አድርገው ሰጡኝ። ሚኒባሱ ላይ ኮርቻውን ጣራ ላይ ጫንነው። አዲሱን ጊታር ግን አባቴ "ይጎዳል" ብሎ እስከ እንጅባራ ድረስ ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘው።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ስም ያለው ቤዝ እውነትም ጥሩ ነው። ወፍራሙ ክር ይጠራል፤ ጠዋት የቃኘሁት ማታም እንደተቃኘ ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ጥሩ ስፒከር ሲገኝ፣ እወስደዋለሁ፤ ያን ቀን ለራሴ ደስ እያለኝ እጫወታለሁ። ዝናብ የሚያስገባ ዳስ፣ ጭቃ ያለበት ሜዳ ከሆነ ግን ልቤ እሺ አይልም። ፈረስ ያህል ነገር ላይ እንዴት ጠላ ይፈስበታል? ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚለፋው ርካሹ ነው። ክሩን በየጊዜው እቀይርለታለሁ፣ አንገቱንም ሽማግሌው ሲያደርጉ እንዳየሁት አቃናለታለሁ፤ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ለዳግማይ ትንሣኤ የአጎቴ ልጅ ጥርባ ላይ አገባ። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ከብዶ ስለነበር ርካሹን ይዤ ሄድሁ። አባቴም መጣ፤ በእግሩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፈረስ ገዝቶ አያውቅም፤ "አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" ይላል። ወንበር ስቦ ስፒከሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ዳሱ ጥግ ሲሸሹ እሱ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዱላውን ተደግፎ እስክናርፍ ድረስ ሰማ።

ስናርፍ ወደ እኔ መጣ። ስንት ሠርግ ስጫወት ስለ ጊታር አንድም ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እጁን ጊታሩ ላይ አሳረፈና የፈረስ አንገት እንደሚመታው መታ መታ አደረገው።

"ልዩነቱ ይሰማል" አለኝ። "ያን ጊዜ ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር። አሁን ሰማሁት። ፈረሱ ያለ ቦታው አልሄደም።"

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት።

"አዎ፣ አባባ" አልሁ። "ይሰማል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ በሚገኝበት ሠርግ ሁሉ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ ይዤ የምሄደው ርካሹን ነው።