ዘግይቶ የተበላ ገንፎ

«ያላየሁትን አልፈርምም» አለች የባሌ እህት።

ይህን ያለችው በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ልጄ ተወልዳ፣ ተምራ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሞላት በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣላት ሄጄ ነበር። ወረቀቱ ያስፈለገው ለእኔ ቪዛ ነው። ልጄ የምትኖርበት አገር እናት ወደ ልጇ እንድትገባ የሚጠይቀው ዝርዝር ሁለት ገጽ ይሞላል፦ ፓስፖርት፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ፣ የደረት ራጅ፣ የጣት አሻራ፣ በተባለው ልክ የተነሳ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም በሕጋዊ አስተርጓሚ ተተርጉሞ። ከሁሉ በላይ የተጻፈው ግን የእናትና ልጅነት ማስረጃ ነው። የአገሩን ስም አልጽፍም። የባሌ እህት ታውቀዋለች፤ እሷ ካወቀችው ይበቃኛል።

መዝጋቢው «ሦስት ምስክር፣ ቢቻል አንዱ ከአባት ወገን» ስላለኝ ይዣት ሄድኩ። እምቢ እንደምትል አውቄ ነበር ወይስ ተስፋ አድርጌ፣ ዛሬም አልናገርም።

«እትዬ፣ እዚህች ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት» አልኳት።

«ምን ብዬ? ገንፎዋን በልቻለሁ? አልበላሁም። እልል ብያለሁ? አላልኩም። ገንፎ ያልተበላላት ልጅ ተወለደች ብዬ በየትኛው አፌ ልማል?»

መዝጋቢው የኑዌር ተወላጅ ነው። አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየና ፎርሙን ገለበጠው። «እማማ፣ ገንፎ የሚል ቦታ እዚህ ላይ የለም» አላት።

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህችን ሴት በአፌ ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ብያታለሁ። በብዕሬ አልልም።

ጋምቤላ የመጣነው ባሌና እኔ በመንግሥት ምደባ ነው፤ እሱ መምህር፣ እኔ ጤና ረዳት። እህቱ ወንድሟን ተከትላ መጣች፣ ከጓሮ ባለው ክፍል ገባች፣ ኋላም ሳሙናና ጨርቅ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ሱቅ የሚሄድ ሁሉ የቤታችንን ወሬ ከሳሙናው ጋር ይዞ ይወጣ ነበር። ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስት ጊዜ አስወረደኝ። ሦስቱንም ጊዜ ከተማው ከእኔ እኩል ሰማ። ሦስተኛው ላይ ከአልጋ ሳልነሳ በመስኮት የሰማሁትን አልረሳም፦ «ይህች ሴት ለወንድሜ ዘር አታስቀርለትም።»

አራተኛውን ደበቅሁት። ለባሌ ብቻ ነገርኩ። ሰፊ ቀሚስ የሰፋሁት ያን ጊዜ ነው። አራት ወር ሲሆነኝ የስደተኛ ካምፕ ባለበት በፑኝዶ፣ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ፤ ሌላው እያለቀሰ የሚሄድበትን ቦታ እኔ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ደብቄ መሄዴ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ማን አስደበቀኝ?

ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ መንገድ ላይ ካለችው ከአቦቦ ከተማ ወዲያ መኪና ቀረ። ባሌ ደብዳቤ በሾፌር ይልክ ነበር፣ እሱም ተቋረጠ። ምጤ የመጣው በዚያ መሃል ነው። ያዋለደችኝ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሚስት፣ ልምድ ያላት የአኙዋክ ሴት ናት። እኔ እንደ ልማዴ ጥርሴን ነክሼ ዝም ስል ጀርባዬን በጥፊ መታችኝ።

«እናት፣ ጩህ! አንተ ዝም ካልክ ልጅ በየት ይወጣል?»

አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም ነበር፤ የእኔ አኙዋክኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ጮኽኩ። ልጄ ወጣች። ሴትዮዋ ሁለት ጎረቤቶቿን ጠርታ የበቆሎ ገንፎ አገነፋች፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። አራታችን በልተን ጨረስነው። እንግዲህ ገንፎ አልተበላም የሚሉት ውሸት ነው። ተበልቷል። የእነዚያ ሦስት ሴቶች መብላት ግን ጋምቤላ ከተማ ባሉት የእኛ ሰዎች ዘንድ እንደ መብላት አልተቆጠረም።

በጥቅምት መንገዱ ሲከፈት እህል አራግፎ በሚመለስ ካሚዮን ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ የሁለት ወር ልጅ ይዤ ገባሁ። ባሌ ትምህርት ቤት ነበር። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ልጅቱን አየች፤ ቀጥሎ ሆዴን አየች፤ ቀጥሎ ሾፌሩን አየች።

«ከየት አመጣሻት?» አለችኝ።

እንኳን ደህና ገባሽ የለ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የለ። ከየት አመጣሻት።

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ መልሱን ያውቅ ነበር፦ መካኗ ጤና ረዳት ከስደተኛ ካምፕ ልጅ አንስታ መጣች። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ሆዷን ያየ የለም፣ አራስ የጠየቃት የለም፣ ገንፎ የበላ የለም። ልጅቱ ጠቆር ማለቷም ተጨመረበት። አባቷ ከእሷ ይጠቁር እንደነበር ማንም አላስታወሰም። ባሌ ጥርስና ጥፍሩን አውጥቶ ተከራከረላት። ልጅቱ አራት ዓመት ሲሆናት ሞተ፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር ጠፋ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ እያለች፣ እህቱ ደረቷን እየደቃች «ወንድሜ ዘር ሳይተካ!» ብላ አስለቀሰች። አልቃሹ ሁሉ ተቀበላት።

የካምፕ ልጅ መሆን ነውር ነው ብዬ አይደለም የሚቆጨኝ። በእነዚህ እጆቼ ስንቱን የካምፕ ልጅ ከትቤያለሁ፣ ስንቱን ከእናቱ ጡት ጋር አገናኝቻለሁ። የሚቆጨኝ የሰው ልጅ ሰራቂ መባሌ ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ከየት ነው ያመጣሽኝ?»

«ከሆዴ።»

«ማን አየ?»

አዋላጇ ያኔም ሞታ ነበር። «ወደ ጥናትሽ» አልኳት።

አሁን ወደ ቪዛው ልመለስ። የባሌ እህት ጥላኝ ከወጣች በኋላ የልደት ወረቀቱን በሌሎች ምስክሮች አወጣሁት፤ አንዱ ያ ሾፌር ነው፣ ዛሬ ዓይኑ ደክሟል ግን ያቺን ቀን አልረሳትም፤ ሁለቱ አብረውኝ የሠሩ ናቸው። አስተርጉሜ ለልጄ ላክሁት፤ እሷም ከሌላው ሁሉ ጋር አስገባችው። ወራት ቆይቶ ከኤምባሲው ደብዳቤ መጣ። ትሕትና የተሞላ ደብዳቤ ነው። የልደት ወረቀቱ ልጅቱ በተወለደች በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የወጣ ስለሆነ ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ፈቃደኛ ከሆናችሁ እናትና ልጅ የዲኤንኤ ምርመራ አድርጋችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ።

እኔ ሳነበው ተነስቼ ቆምኩ። ደስታ ነው ያስነሳኝ። እነዚህ ሰዎች ገንፎ በልታችኋል ወይ አላሉም። ደማችሁ ይናገር ነው ያሉት።

ልጄ ማታውኑ ደወለች። ያን ጊዜ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ጥድፊያው ሁሉ ከመውለዷ በፊት እንድደርስላት ነው።

«እማዬ፣ ሌላ መንገድ ብንፈልግስ? ጠበቃ ላናግር።»

«ምን ጠበቃ ያስፈልጋል? ጥጥ አፍ ውስጥ ማስገባት ነው።»

«እሱስ ነው...» አለች። «እማዬ፣ ባይሆንስ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የባሌ እህት የወሰደችብኝ ጎረቤቶቼን ይመስለኝ ነበር። ለካ ከልጄም ቆርሳ ወስዳ ኖሯል። ልጄ ትወደኛለች፤ ይህን አልጠራጠርም። ግን ያቺ የዘጠኝ ዓመት ጥያቄ ሳትመለስላት አብራት አድጋለች።

«ባይሆን» አልኳት፣ «ሠላሳ ሁለት ዓመት የዋሸሁሽ ሌባ ነኝ ማለት ነው። ነገ ሂጂና ጥጡን አፍሽ ውስጥ ክተቺ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ጓንት ያጠለቀች ሴት፣ ጫፏ ላይ ጥጥ ያለባት ቀጭን እንጨት ይዛ «አይዞሽ እናቴ፣ አያምም» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ ጤና ጣቢያ ነው ያረጀሁት» አልኳት። ጉንጬን ከውስጥ በኩል ግራና ቀኝ ጠራረገችው፤ አለቀ። ምጡ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶብኝ ነበር፤ ማስረጃው አንድ ደቂቃ አልሞላም። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕቃው ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እንዳይቀያየር። በሥራ ዘመኔ የተለጣጠፈ ስም ሲቀያየር አይቻለሁ። ስሜን ከፖስታው ላይ ሁለት ጊዜ እንድታነብልኝ አደረግኋት። ሦስተኛም ጠየቅኋት፤ ሳቀችና አነበበችልኝ።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሰማችው ልጄ ናት። ስትደውል መናገር አቅቷት ታለቅስ ነበር።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ!»

«ማን መስሎሽ ነበር?» አልኳት።

ከዚያ አብረን ሳቅን። እንደዚያ አድርገን አብረን የሳቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ቪዛው ተለጥፎ ፓስፖርቴ እጄ ሲገባ፣ የልጄ መውለጃ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ትኬቱን ቆረጥን። ልጄ የማይገባውን ዝርዝር ላከችልኝ፦ ቅቤ አይገባም፣ ሥጋ አይገባም፣ ዱቄት ካለ ተናገሪ። ቅቤው አልከፋኝም። የገብስ ዱቄቴን አስፈጭቼ፣ አሽጌ፣ በላዩ ላይ «የገብስ ዱቄት፣ ለአራስ» ብዬ በእንግሊዝኛ አስጻፍኩበት።

ካስፈጨሁት ግን ግማሹን አስቀረሁ።

በእሑድ ከሰዓት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ የእድሩን ሴቶች ሁሉ ጠራሁ። የባሌ እህትም ተጠራች። መቅረት አልቻለችም፤ ብትቀር ፈርታ ነው ሊባል ነው። በከዘራዋ እየተደገፈች ገባችና ትልቁን ገበታ አየች፤ ገንፎው መሃሉ ጎድጉዶ ቅቤውና በርበሬው ተንጣሎበታል።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው?» አለች።

«ለአራስ» አልኩ።

«የምን አራስ?»

«እኔ ነኛ፣ እትዬ።»

ሴቶቹ ፈነዱ። አንዷ «ታዲያ ምነው አልጋሽ ላይ አልተኛሽ!» አለች። ሌላዋ «ልጁ ወንድ ነው ሴት?» ብላ ጨመረች። ሳቁ ሲበርድ ወረቀቱን አወጣሁት፤ በአማርኛ አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በላስቲክ አስለብጬዋለሁ። እኔ አላነበብኩትም። ጡረታ ለወጣችው መምህርት ጎረቤቴ ሰጠኋት፤ ድምጿ ከዛፉ አልፎ መንገድ ይደርሳል። ስሜን አነበበች። የልጄን ስም አነበበች። «የእናትነት ዕድል» አለች፣ «ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ...»

«ስንት ዘጠኝ ነው ያለው?» አለች አንዷ።

«ብዙ ነው፣ ቆይ ልቁጠረው።»

«ተዪው፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል!»

ወደ ባሌ እህት ዞርኩ። «እትዬ፣ ያኔ ቢፈርሙልኝ ኖሮ ይህን ወረቀት እዚህ አላስነብብም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ማንኪያ ሰጠኋት፤ ተቀበለች። ከጠርዙ ቆርሳ፣ ቅቤው ውስጥ ነክራ፣ ጎረሰች። ሁሉም ይጠብቃት ነበር።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ጨው ቢያንሰው ምን ይገርማል?»

አሁንም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቆሜ ነበር። ገንፎ የበላ የሚለው ነገር አለ፤ እያንዳንዷ ሴት ታውቀዋለች። ማንኪያቸውን ያነሱትም አልጎረሱም። የባሌ እህት ወደ ገበታው አየች፤ ወደ ወረቀቱ አየች፤ በመጨረሻ ወደ እኔ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ።

በቀስታ ነው ያለችው፤ ግን ተሰማ። እልልታው ከማንጎው ላይ ወፎች አስነሳ። ለሴት ልጅ የሚባለውን ያህል ብለው አላቆሙም፤ ማንም አልቆጠረም።

«አሜን እትዬ፣ ማርያም ታኑርዎት» አልኳት። ከልቤ ነው። የልጅ ልጄን ፎቶግራፍ ይዤ እስክመለስ ድረስ እንድትኖር እፈልጋለሁ።