ሁለት ስንኝ ከላሟ ሆድ

ሴድሪክ ሃውተን በእንግሊዝ አገር፣ በላንካሻየር ኮረብታዎች ሥር ባለችው በብራክንሾ መንደር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ያደለ፣ ሃያ ሁለት ገና ደግሞ የላም የኋላ እግር የሆነ ሰው ነው።

በየዓመቱ በገና ሰሞን የሰፈሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ ተረት በመድረክ ይጫወታሉ፤ ላሙን በባቄላ ፍሬ ለውጦ፣ ከፍሬው በበቀለው ሐረግ ሰማይ ወጥቶ፣ ግዙፉን ሰው በላ የሚጥለውን ጎረምሳ ተረት። ወንዱ ቀሚስ ለብሶ እናት ይሆናል፣ ልጃገረዷ ሱሪ ታጥቃ ጎረምሳ ትሆናለች፣ ሴድሪክ ደግሞ ሁለት ሰው በሚይዝ የጨርቅ ላም ውስጥ አጎንብሶ የጸጉር ሠሪዋን የዶሪንን ወገብ ይይዛል። ዶሪን የላሟ ራስና የፊት እግር ናት፤ ዓይን ትጠቅሳለች፣ ይጨበጨብላታል። እሱ የሚያየው ጨለማ፣ የሚሸተው ያምና ላብ ነው። ባለቤቱ ሙሪየል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ለጎረቤቶቿ «ኋላዋ የኔ ነው» ትላለች እንጂ፣ ፊቱን አንድም ቀን መድረክ ላይ አይታው አታውቅም።

ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ አለ፤ የመጨረሻው ዓመቱ ሆነ። ቡድኑም የተረቱን መዝጊያ ሁለት ስንኞች ለእሱ ሰጠው። ከላሟ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፊቱን አሳይቶ ሊላቸው።

እነዚያ ስንኞች በልምምድ ጊዜ አይነገሩም። ተመልካች ሳይኖር የተዘጋ ተረት ገድ የለውም ይላሉ፤ እዚያች መስመር ሲደርሱ ሁሉም ጽሑፉን አጥፎ ወደ ሻዩ ይሄዳል። ሴድሪክም ስንኞቹን እንደ አፍላ ፍቅር በልቡ ብቻ ይዟቸው ከረመ። ደብዳቤ ሲያድል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ቀሚስ የለበሰው ግንበኛው ባርናቢ «ግዙፉ የታለ?» ሲል ልጆቹ «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያሉ ጣራውን አናጉት። የባቄላው ሐረግ ተቆረጠ፤ ግዙፉም ወደቀ። የሴድሪክ ሰዓት ደረሰ። ዶሪን ከውስጥ የላሟን ዚፕ ሳበችው።

ዚፑ ንቅንቅ አልል አለ። ሁልጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ከውጭ ይከፍትላቸው ነበር። ከውስጥ መውጣት የሚያስፈልገው እዚያች ያልተለማመዷት መስመር ላይ ብቻ ነውና፣ ማንም ሞክሮት አያውቅም።

«ሳቢው እንጂ!»

«እየሳብኩ ነው፣ የኔ ጌታ! አንተ ሆድህን ሰብስብ!»

«ላማችንን ትንሽ ሆዷን ቆርጧታል» አለ ባርናቢ ለሕዝቡ። ከዚያ ወደ ጅራቷ ጎንበስ ብሎ፣ «ሴድ፣ እኔ ልበልልህ?»

«እንዳትሞክራት!»

ሴድሪክ በጨለማው ውስጥ ዓይኑን ጨፈነ። ሃያ ሁለት ዓመት የታመቀ ድምፅ ከጅራቷ ሥር ፈነዳ፦

«ሐረጉ ተቆርጦ፣ ግዙፉ ፈረጠ፤»

ከፊት ረድፍ አንዲት ሕፃን ጮኸች፦ «እማዬ! ላሟ በቂጧ አወራች!»

ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሴድሪክ ሁለተኛዋን ስንኝ ሊላት ብሎ ተወ። በቂጥ ጀምሮ በቂጥ ሊጨርስ? እንባው መጣ።

ሙሪየል ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ አለች፤ ከቦርሳዋ የስፌት መቀሷን አውጥታ ደረጃውን ወጣች።

«ሙሪየል፣ ላሟ እኮ የቡድኑ ናት!» አለ ባርናቢ ቀሚሱን ዘርግቶ ሲጋርዳት።

«ኋላዋ የኔ ነው! ዞር በል!»

ስፌቱን ተረተረችው። በቀዳዳው በኩል አንድ ቀይ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ በላብ የታጠበ ጭንቅላት ብቅ አለ። ከፊቱ የነበረው ሕዝብ አልነበረም፤ ከአንድ ስንዝር ርቀት የሙሪየል ፊት ነበር።

«ምን ልትል ነበር?» አለችው።

በሹክሹክታ፣ ለእሷ ብቻ አላት፦

«በሉ ደህና ሁኑ፣ ሳቃችሁ ጣፈጠ።»

«አልሰማንም!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

«ጮክ በል እንጂ፣ ሰው ከፍሎ ነው የገባው!» አለች ሙሪየል፣ በእጇ ጸጉሩን እያስተካከለችለት።

ጮክ አለ። «እንደገና!» አሉት፤ እንደገና አለ። አራተኛውን ሲጀምር የላሟ የፊት እግሮች መሬቱን መደብደብ ጀመሩ።

«እኔንስ? እኔን ማን ያወጣኛል?» ትላለች ዶሪን። የሰማት የለም።