ሚዛን ላይ ያልወጡት ሰው

የያዙኝ ከሥራዬ ላይ ነው። ዳንግላ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪና ጭነት መዛኝ ነበርኩ፤ «መሬታችን ላይ የመለኪያ ቃላድ አይጣልም» ላሉ ገበሬዎች አቤቱታ ጻፍክ ተባልኩ። ያስገቡኝ ክፍል እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ጥግ ላይ እግራቸው ያበጠ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ የጥርባ ሰው ናቸው፣ መሬት ለኪዎቹን ከማሳቸው ያባረሩ። መቆም ስለማይችሉ ወደ ውጭ የማወጣቸው እኔ ሆንኩ፤ በጀርባዬ አዝዬ።

አንድ ጠዋት ሁላችንንም አዲስ አበባ ለፍርድ የሚወስድ አውሮፕላን መጣ። በእኔ ቦታ ሰው አልተተካምና አጃቢው መኮንን የጭነቱን ስሌት እኔኑ አሠራኝ። እስረኛው ሁሉ ተመዘነ። ሽማግሌው ግን ሚዛኑ አጠገብ ሳደርሳቸው ከጀርባዬ አልወርድም አሉ።

«መሬቴን አላስለካም ብዬ የታሰርኩ ሰው፣ ሥጋዬን ላስለካ?»

አጠገባችን የቆመው ፖሊስ ዱላውን አነሣ። እንደታዘሉ ሚዛኑ ላይ ብወጣ የራሴን ክብደት ቀንሼ የእሳቸውን አገኘው ነበር። ያ ግን እሳቸውን ማታለል ነው፤ አላደረግሁትም።

«ተዋቸው፤ ክብደታቸውን ጀርባዬ ያውቀዋል» አልኩና በግምት ጻፍኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ጨቅይቷል። ዳንግላ ደግሞ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን እንደ ቆላው ተጭኖ አይነሣም። አውሮፕላኑ ከሚችለው ክብደት ላይ ነዳጁን፣ አብራሪዎቹንና ዕቃውን ቀነስኩ። አንድ ሰው ትርፍ ሆነ።

«ከዕቃው ይቀነስ፣ ጌታዬ።»

«ዕቃው የበላይ አለቆች ነው፤ አይነካም። ሽማግሌውን ቀንሰው፣ መሞቱ አይቀር።»

«አዲስ አበባ ሐኪም ያገኛሉ። እኔን ይቀንሱኝ።»

መኮንኑ «እንደፈለግክ» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። በሩ ድረስ አዝዬ አስገባኋቸው።

«አንተስ ልጄ?» አሉኝ።

«በሚቀጥለው እመጣለሁ፣ አባባ።»

የሚቀጥለው አልመጣም። የሄዱት ብዙ ዓመት ተፈረደባቸው። ሽማግሌው ከሐኪም ሳይደርሱ እዚያው እስር ቤት አረፉ፤ የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ የለም። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ክረምቱ ሲወጣ ሂድ ተባልኩ።

ዛሬ እንጅባራ እኖራለሁ። ሰው «ቦታውን ለበሽተኛ የለቀቀ» እያለ ያከብረኛል። የሽማግሌው ልጅ በዓል በመጣ ቁጥር ማር ይዛልኝ ትመጣለች፤ «አባቴን ያከበርክልኝ» ትለኛለች። ማሩን እቀበላለሁ። አውሮፕላኑ ከደመናው ሲገባ ቆሜ እያየሁ፣ እንኳን ቀረሁ ብዬ ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን አልነገርኳትም።