ሁለቱ ቢሾፖቼ

ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን አባል የሆንኩት በፈረንጆቹ 2014 ነው፤ ባሌ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ እዚሁ አሜሪካ የቻምበርስ ሮድ ጎረቤቴ ይዛኝ ሄዳ። አምኜ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያኔ ነይ ካሉኝ ገደልም እሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ቢሾፕ ጎማ ሻጭ ነበሩ። ቢሾፕ ማለት ጳጳስ ነው፤ እኛ ጳጳስ የምናውቀው በካባና በመስቀል ነው፤ እዚህ ግን ደመወዝ የሌለው ተራ ምእመን ለጥቂት ዓመት ይሾምና ጊዜው ሲያልቅ ወደ ምእመናኑ ወንበር ይመለሳል። እኚህ ሽማግሌ የሚያውቁበት ማጽናናት ብቻ ነበር። ማሞቂያዬ ተበላሽቶ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሶፋዬ ላይ አብረውኝ ይበርዳቸው ነበር እንጂ ሠሪ መጥራት ትዝ አላላቸውም።

እንደ ንስሐ አባት ቆጥሬ ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። ባሌ የሞተ ቀን ሆስፒታሉ ሲደውል ፓርክ ሂል፣ አረጋውያን የምጦርበት ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን አየሁት፤ አላነሳሁትም። ደክሞኝ ነበር። ገና ሳልጨርስ እጄን ይዘው «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ምንም አልተሰማኝም።

አንድ እሁድ ጉባኤው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እኔም አወጣሁ። ለካ ሽማግሌውን ከቢሾፕነት በምስጋና እያሰናበትን ኖሯል። ንስሐ አባቴን በገዛ እጄ ሸኘሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። በሳምንቱ ኮሪደር ላይ አግኝቻቸው ያንኑ ነገር ላነሳ ስል «እህቴ፣ አሁን ቢሾፕሽ እሱ ነው» ብለው የአዲሱን ቢሾፕ ቢሮ በር አሳዩኝ፤ በደግነት።

አዲሱ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። በዕድሜ ስለሚያንሰኝ አንቱ ማለት አቃተኝ። ከእጁ ማስታወሻ ደብተር አይለይም። ማሞቂያዬን በማግስቱ አሠራ። ቢሮው ጠርቶኝ ስለ ኑሮዬ የጻፋቸውን ጥያቄዎች ከደብተሩ አንድ በአንድ ሲያወርድ ቆየና «ሌላ የከበደሽ ነገር አለ?» አለኝ። ስለ ሥራ ሺፍት እንደሚያወራ ሰው ሁሉንም ነገርኩት።

እስክርቢቶውን አስቀመጠ።

«ስንት ሰዓት ደወሉ?»

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት።»

«ያረፈውስ?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ከፓርክ ሂል ሆስፒታሉ ድረስ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?»

«ሃያ አምስት።»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚያጽናናበት ቃል የሚፈልግ መስሎኝ ነበር።

«ትደርሺ ነበር» አለኝ።

ከወንበሩ አልተነሳም። ባሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቆኝ ነበር። ከሞተ ጀምሮ እምቢ ያለኝ ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ።