የሾላው ገመድ

እትዬ ሙሉነሽን ያወቅኳቸው በጠብ ነው። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ሽንኩርት በጅምላ እረከባለሁ። አንድ ደላላ የእሳቸውን ጆንያ ሳይጠይቅ ፈትቶ እጁን ቢሰድ፣ የሚዛኔን ድንጋይ አንስተው ጣቶቹ ላይ ጣሉበት። ሰውዬው ሲጮህ እሳቸው ጆንያቸውን መልሰው ያስሩ ነበር። እኔም ደላላ ስለማልወድ በዚያው ቀን ወዳጅ ሆንን።

የሚያርሱት ባሕር ሸሽ ነው፤ ጣና ከክረምት በኋላ ወደ ኋላው ሲመለስ ጥሎት የሚሄደው ጥቁር መሬት ማለት ነው። ከላይ ያለው ዳገት በበጋ አመድ ይሆናል፤ የጉድጓዱ ውሃ ለከብት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ሰው ለዚያ እርጥብ መሬት ይጋደላል። ውሃው በየዓመቱ ድንበሩን ስለሚያጠፋው፣ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ሽማግሌዎች ገመድ ዳገቱ ላይ ካለው የሾላ ዛፍ አስረው እስከ ውሃው ዳር ይዘረጉታል። ጫፉን ሁለቱ ድንበርተኞች አብረው ይዘው ይወጥሩታል፤ ከዚያ ችካል ይመታል። ውሃው ሳይሸሽ ችካል መምታት ግን ነውር ነው። ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው መስመሩ ይጣመምበታል።

ባላቸው አምባቸው ይህን እያወቀ ነው ያደረገው። ሦስት በጋ ሙሉ ደንገሉን ከነሥሩ እየነቀለ ረግረጉን እርሻ ያደረገ ሰው ነበርና ትዕግሥቱ አለቀ። እሳቸው "ተው፣ ውሃው ይሽሽ" እያሉት እስከ ጉልበቱ ገብቶ ችካሉን መታ። ድንበርተኛው ገድሉ መጥቶ ነቀለበት። አምባቸው በችካሉ የገድሉን ጥርስ አረገፈ፤ ገድሉም በአካፋ የአምባቸውን ጭንቅላት ፈለጠው። ሰው ደርሶ ሲጎትተው ዙሪያው ያለው ውሃ ቀልቶ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ሐይቁ መልሶ ለሚወስደው መሬት! ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ገድሉ ዐሥር ዓመት ታስሮ ወጣ። ሽማግሌና ቄስ መሃል ገቡ፤ እትዬ ሙሉነሽም መስቀል ተሳልመው ደሙን ማሩ። አንድያ ልጃቸው ምናሴ ግን አልማረም። አባቱ ሲሞት ሕፃን ነበር፤ አሁን ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጓደኞቹም "የአባቱን ገዳይ እንደምን አደርክ የሚል" እያሉ ያሽሟጥጡታል። ገመዱን የሚይዘው የቤቱ ወንድ ስለሆነ፣ እስኪያድግ አጎቱ ቢይዝለትም፣ ባለፈው ኅዳር ከገድሉ ጎን መቆም የእሱ ተራ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ የአባቱን ገጀራ ሲስል ዋለ። እናቱ ለምን እንደሚስለው አልጠፋቸውም።

በዚያ ጧት ሽማግሌዎቹ ገመዱን ዘርግተው ገድሉ ጫፉን ይዞ ይጠብቃል። ምናሴ ጋቢውን ተከናንቦ ወረደ። እትዬ ሙሉነሽ ለድንበሩ የሚመታውን የዋንዛ ችካል ይዘው ከኋላው ተከተሉት።

"ምናሴ፣ ጋቢህን አውልቅ።"

"ተመለሽ፣ እማ።"

"አባትህን ቀበርሁ፤ አንተን ደግሞ ለጭቃ አልሰጥም። አውልቅ ብያለሁ!"

ምናሴ ገጀራውን መዘዘ። ገድሉ ገመዱን ሳይለቅ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ ሙሉነሽ ችካሉን በሁለት እጃቸው አንስተው የልጃቸውን ቀኝ ክንድ መቱት፤ ገጀራው ጭቃው ላይ ወደቀ። ደግመው መቱት። አጥንቱ ቋ ሲል ሽማግሌዎቹ ጮሁ። ምናሴ ተንበርክኮ፣ የወለዱትን እናቱን በስማቸው እየጠራ ሰደባቸው።

ነጠላቸውን ቀደው ክንዱን አሰሩለት። ከዚያ ሄደው፣ ሴት ይዛው የማታውቀውን የገመዱን ጫፍ ከገድሉ እጅ አጠገብ ጨበጡ።

"ገድሉ፣ ወጥር።"

"እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ሙሉነሽ።"

"የእኔ ታዝዟል። ወጥር!"

ገመዱ ተወጠረ። አምባቸው የወደቀበት ቦታ ከገመዱ ወዲያ፣ በገድሉ በኩል ሆነ። እትዬ ሙሉነሽ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ያንኑ ችካል አምጥተው ገመዱ ሥር መቱት፤ በዚህ ጊዜ ውሃው ሸሽቶ ነበር።

ልጁን ለሕክምና ሲያመጡት እኔ ቤት ሰነበቱ። ክንዱ ተጣሞ ጠገገ፤ ገበሬነቱ ስላልሆነለት አሁን ከእኔ ጋር ሽንኩርት በግራ እጁ ይመዝናል። እናቱ ሲመጡ ጆንያውን ይረከባቸዋል፤ ቃል ግን አይወጣውም። እሳቸው ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ "ከእስር ቤትም ከመቃብርም ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ምን ያስለቅስዎታል?" አልኳቸው።

ወደ ልጃቸው ክንድ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ገጀራውን የጣለው በመጀመሪያው ምት ነው፤ ክንዱን የሰበርሁት በሁለተኛው። ሁለተኛው የእሱ አልነበረም፤ ተው ብዬው ላልሰማኝ ለአባቱ ነበር የመታሁት።"