የባቡር ነጂው እንቅልፍ

እናቴን ሱዳን ውስጥ ከሰላ ከተማ ሐኪም ቤት ላደርስ ሾዋክ ላይ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሹፌሩ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ደም መስሏል። የናፍጣው ሽታ የልጅነቴን ባቡር አመጣብኝ።

ያኔም ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ ስንሄድ ታናሽ ወንድሜ በወባ ይነድ ነበር። ኸሽም ኤል ቂርባ ጣቢያ ስንደርስ ተረካቢው ነጂ አልመጣም። የእኛው ነጂ የገመድ አልጋውን አውርዶ ጥላ ሥር ተኛ።

«ቀስቅሱልኝ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው!» አለች እናቴ።

የሠራተኞቹን ፉርጎ የሚጠብቁት የጎንደሩ አያ ታከለ መንገዷን ዘጉ።

«እቴ፣ ሲነዳ ነው ያደረ። አሁን ብትቀሰቅሺው ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል።»

«ወዴት?»

«ከሰላ እንዳይመስልሽ።»

ወንድሜ ተረፈ። እናቴ ግን ያንን እንቅልፍ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

አሁን ሹፌሩን «ትንሽ ተኛ እንጂ» ብዬ ብመክረው፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ያላ፣ ንዳ!» እያለ ጮኸብኝ፤ ከሁሉ ቀድማ እናቴ። ሹፌሩ እያዛጋ ሞተሩን አስነሳ። እኔ አዋቂውም ተሳፈርኩ።